ጥሩ አፕ ራሱ ፈልጎ አያገኛችሁም

አንድ ሥራ የሚያቀልላችሁ አፕ ስትፈልጉ መጀመሪያ ዓይናችሁ የሚያርፍበት ምርጡ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ እዚያ እንዲደርስ የተከፈለበት ነው። ሴራ ምናምን አይደለም፤ ገበያው የተሠራው እንደዚያ ነው።

የአፕል አፕ ስቶር በጁላይ 2008 ሲከፈት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) 500 ያህል አፖች ብቻ ነበሩት። ያኔ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ሁሉንም ማየት ይችል ነበር። ዛሬ ቁጥሩ ወደ ሁለት ሚሊዮን ይጠጋል። ጉግል ፕሌይም በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። ይሄን ሁሉ ማንም አገላብጦ አይጨርሰውም። ስለዚህ የምታዩትን የሚወስንላችሁ የፍለጋው ውጤት ነው ማለት ነው። ጉግል ፕሌይ በ2015፣ አፕ ስቶር ደግሞ በ2016 የፍለጋ ውጤታቸው አናት ላይ ማስታወቂያ ማሳየት ጀመሩ። የአንድን አፕ ስም ፊደል ሳትስቱ ጽፋችሁ እንኳ ከላይ የተፎካካሪው የሚመጣው ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል ለማስታወቂያ ሰባራ ሳንቲም የማያወጡ አሉ። 7-ዚፕ የተባለውን የፋይል ማመቂያ ኢጎር ፓቭሎቭ የሚባል ፕሮግራመር ከ1999 ጀምሮ ሲያሻሽለው ኖሯል። ቪኤልሲ የቪዲዮ ማጫወቻ በ1996 ፓሪስ አጠገብ ባለ አንድ የምህንድስና ትምህርት ቤት የተማሪዎች ፕሮጀክት ሆኖ ነው የተጀመረው። ፎቶፒ የሚባለው በብራውዘር የሚሠራ የፎቶ ማስተካከያ በአመዛኙ የአንድ ሰው የእጅ ሥራ ነው። እነዚህን ሰው ያወቃቸው ከሰው ሰምቶ ነው። እንደ እነሱ ጥሩ ሆነው ግን ወሬያቸው ያልደረሳችሁ ስንት ይኖራሉ? እነሱ ወደ እናንተ የሚመጡበት መንገድ የላቸውም። መሄድ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ከአፑ በፊት ሥራው

ብዙ ሰው የሚጀምረው "ጥሩ ጥሩ አፕ ጠቁሙኝ" ብሎ ነው። ይሄ ጥያቄ መልስ አያጣም፤ መልሱ ግን ለማንም አይሆንም። ስልካችሁ ላይ ተጭነው ሁለተኛ ሳይከፈቱ የቀሩት አፖች አብዛኞቹ የገቡት በዚህ በር ነው።

ይልቅ የሚያማርራችሁን ሥራ ያዙ። በየሳምንቱ የምትደጋግሙትን፣ "አሁንም ይሄ ነገር?" የሚያሰኛችሁን። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት። "የፒዲኤፍ አፕ" ብሎ መፈለግ ሌላ ነው። "ስካን የተደረጉ ገጾች አሉኝ፤ አንድ ፋይል ላደርጋቸው፣ ውስጣቸውም ቃል መፈለግ እንድችል እፈልጋለሁ" ብሎ መጻፍ ደግሞ ሌላ። የመጀመሪያው መቶ ተመሳሳይ አፕ ይደረድርላችኋል። ሁለተኛውን ስትጽፉ ግን ሁለት የተለያዩ ሥራዎች እንዳሉ ራሳችሁ ታያላችሁ። አንዱ ገጾችን ማገጣጠም ነው፤ ይሄ ቀላል ነው፤ ነጻ መሣሪያ ሞልቶለታል። ሌላው ከምስል ላይ ፊደል ማንበብ ነው፤ በሙያው ኦሲአር ይሉታል። እዚህ ላይ ነው አፖቹ የሚለያዩት፤ የምትጽፉበትን ቋንቋ ፊደል የሚያነብ አለ፣ የማያነብ አለ። ይሄን ሳታውቁ ከፍላችሁ ብትገቡ የምታገኙት ቆንጆ የማገጣጠሚያ አፕ ብቻ ነው።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንደሚባለው፣ አስቸጋሪው ነገር መሣሪያው መኖሩን አለማወቅ ነው። ኦሲአር የሚባል ነገር እንዳለ ያልሰማ ሰው ገጹን እያየ በእጁ ይተይባል እንጂ አይፈልገውም። የኤአይ ቻት ቦቶች በጣም የሚጠቅሙት እዚህ ቦታ ላይ ይመስለኛል። "እንዲህ እንዲህ ያለ ሥራ አለኝ፤ ባለሙያዎች ይሄን ምን ብለው ይጠሩታል?" ብላችሁ ጠይቋቸው። የሙያውን ስም ይነግሯችኋል፤ ስሙ ከተገኘ ፍለጋው ግማሹ አለቀ። የአፕ ስም ከጠየቃችሁ ግን ጠንቀቅ ማለት ነው። የተዘጋውን እንዳለ ያወራሉ፤ አንዳንዴም የሌለ ስም ፈጥረው በሙሉ ልብ ይነግሯችኋል። የጠቆሟችሁን ሁሉ መኖሩን ሌላ ቦታ አረጋግጡ።

ሌላ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር አለ። የምትፈልጉት ቀድሞውኑ እጃችሁ ላይ ሊሆን ይችላል። የአይፎን ኖትስ ከ2017 ጀምሮ ወረቀት ስካን ያደርጋል። አንድሮይድ ላይ የጉግል ድራይቭ አፕ ይሄንኑ ይሠራል። ማንኛውም ብራውዘር ላይ "ፕሪንት" ስትሉ ገጹን በፒዲኤፍ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ከቪ ጋር ስትጫኑ ኮፒ ያደረጋችኋቸው ያለፉት ነገሮች ዝርዝር ይወጣል። መጀመሪያ ማብሪያውን መንካት ነው፤ በቃ። ለዚህ ብቻ ተብሎ የሚሸጥ አፕ አለ። ስለዚህ አዲስ ከመጫናችሁ በፊት ያላችሁን አንድ ጊዜ ፈትሹት።

የት ይፈለጋል?

አንዱን ፕሮግራም ካወቃችሁ፣ ግን ተወዶባችሁ ወይም ሰልችቷችሁ ከሆነ፣ ኦልተርኔቲቭቱ የሚባል ከ2009 ጀምሮ ያለ ድረ ገጽ አለ። የምታውቁትን ስም ስትጽፉለት የሚተኩትን ይደረድራል። ነጻ የሆኑትን ብቻ፣ ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት) የሆኑትን ብቻ፣ በማክ ወይም በሊነክስ የሚሠሩትን ብቻ እያላችሁ ማጥራት ትችላላችሁ። ለእኔ ከሁሉም ቀድሞ የሚከፈተው ይሄ ነው። ምክንያቱም ከምታውቁት ተነስቶ ወደማታውቁት ይወስዳችኋል።

ፕሮዳክት ሀንት ከ2013 ጀምሮ በየቀኑ አዳዲስ ነገር የሚቀርብበት ቦታ ነው። ሰው ድምፅ ይሰጣል፣ ብዙ ድምፅ ያገኘው ከላይ ይወጣል። ሲያዩት ደስ ይላል። ግን የዕለቱ አሸናፊ ማለት በዚያ ቀን ብዙ ወዳጅ ያሰባሰበ ማለትም ሊሆን ይችላል። የሀሳብ ምንጭ አድርጋችሁ ተመልከቱት እንጂ ዛሬውኑ አትጫኑ። ስሙን ጻፉና ከስድስት ወር በኋላ ተመለሱ። በሕይወት ካለ ያኔ ይታያል። በነገራችን ላይ አዲስ መሆን ብቻውን ጥቅም አይደለም። አዲስ ነገር ማየት የሚያስደስተን ሰዎች ይሄን ቶሎ እንረሳዋለን።

ሀከር ኒውስ በሚባለው የፕሮግራመሮች መወያያ ድረ ገጽ ላይ "ሾው ኤችኤን" የሚል ርዕስ አለ። ፕሮግራመሮች የሠሩትን ራሳቸው ያቀርቡበታል። ከአፑ ይልቅ ከሥሩ ያለው ክርክር ይጠቅማል። "ይሄ ነገር ከዚያኛው በምን ይሻላል?" ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ "ያ" የተባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እናንተ የምትፈልጉት ሆኖ ይገኛል።

አንድሮይድ የምትጠቀሙ ከሆነ ኤፍ-ድሮይድን እወቁት። ከ2010 ጀምሮ ያለ፣ ኦፕን ሶርስ አፖችን ብቻ የያዘ መደብር ነው። ማስታወቂያ ያለበትን ወይም ተጠቃሚውን የሚከታተለውን አፕ በግልጽ ምልክት ያደርግበታል። መልካቸው ብዙም አያምርም፤ ሥራቸውን ግን ይሠራሉ።

ጊትሀብ ላይ ደግሞ የፕሮግራሙ ኮድ ራሱ ይቀመጣል። ኮድ ማንበብ ባትችሉም ሁለት ነገር ማየት ትችላላችሁ። አንደኛው የመጨረሻው እትም የወጣበት ቀን ነው። ሁለተኛው "ኢሹስ" የሚለው ክፍል ነው፤ ሰው ችግሩን የሚጽፍበት። ባለቤቱ መልስ ይሰጣል? ወይስ ጥያቄው ተከምሮ ባለቤቱ ከጠፋ ዓመት አልፎታል? ቀኑ ላይ ግን አትቸኩሉ። የፎቶ መጠን የሚቀንስ ትንሽ መሣሪያ ሁለት ዓመት ካልተነካ ምናልባት ሥራው ስላለቀ ነው። ፓስወርዳችሁን የሚይዝ ፕሮግራም ሁለት ዓመት ካልተነካ ግን ሽሹ። ኮከቡን ደግሞ ብዙ አትመኑት፤ የጊትሀብ ኮከብም በገንዘብ ይገዛል።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚበልጠው ግን ያንን ሥራ ዕለት ዕለት የሚሠራ ሰው ነው። ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚቀይር መሣሪያ ከፈለጋችሁ ቃለ ምልልስ የሚገለብጡ ሰዎች የሚያወሩበት ቦታ ሂዱ። የቪዲዮ ከሆነ ኤዲተሮች ያሉበት። እዚያ "ሦስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ይዘጋብኛል፤ ቢሆንም አልተውኩትም" የሚል ሰው ታገኛላችሁ። ጉድለቱን የሚናገር ሰው ተጠቅሞበታል ማለት ነው።

"የዓመቱ 10 ምርጥ" የሚሉትን ዝርዝሮች በተመለከተ አጭር ነገር ልበል። ብዙዎቹ የሚኖሩት በኮሚሽን ነው። ሊንኩን ተጭናችሁ ስትገዙ ጸሐፊው ድርሻ አለው። ይሄ በራሱ ወንጀል አይደለም፤ በርካታ ሐቀኛ ጸሐፊ በዚህ ይተዳደራል። ግን ኮሚሽን የማይከፍለው ነጻ ፕሮግራም ዝርዝሩ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ይጠባል። ምልክቱ ቀላል ነው። ጸሐፊው ራሱ ያነሳው ስክሪንሾት አለ? የአንዱንስ ጉድለት በደንብ ተናግሯል? ሁሉም "ቀላል፣ ፈጣን፣ ለጀማሪ የሚሆን" ከተባሉ አልሞከራቸውም። ዝርዝሩን የጻፈው ድርጅት የራሱን ምርት አንደኛ ካደረገም ያው ማስታወቂያ ነው።

መደብር ላይ ያሉትን አስተያየቶች ስታነቡ አምስት ኮከቦቹንና አንድ ኮከቦቹን እለፏቸው። ሦስት ኮከብ የሰጡትን አንብቡ። ከዚያ "አዲሶቹ ይቅደሙ" በሉት። ድሮ የተመሰገነ አፕ ካለፈው ወር ጀምሮ ስድብ ብቻ ከሆነ የሆነ ነገር ተቀይሯል ማለት ነው። የሐሰት አስተያየት ነገር ሥር ከመስደዱ የተነሳ የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በ2024 መግዛትና መሸጡን የሚከለክል ደንብ እስከማውጣት ደርሷል።

ማውረዱ ራሱ ወጥመድ አለው

አገኛችሁት እንበል። ስሙን ታውቃላችሁ። አሁን ብራውዘር ላይ ስሙንና "ዳውንሎድ" የሚለውን ጻፋችሁ።

የሚመጣውን ገጽ ቀስ ብላችሁ እዩት። የመጀመሪያው ውጤት ላይ በትንንሽ ፊደል "ስፖንሰርድ" ይላል። ስሙ ትክክል ነው፣ አርማው ትክክል ነው። አድራሻው ላይ ግን አንዲት ፊደል ተጨምራለች፣ ወይም መጨረሻው ሌላ ነው። ስትገቡም ገጹ ቁርጥ የዋናውን ይመስላል። ያወረዳችሁት ፋይልም አንዳንዴ ዋናውን ፕሮግራም በትክክል ይጭናል፤ አብሮ ፓስወርድ የሚሰርቅ ነገር እየጫነ። ኤፍቢአይ በዲሴምበር 2022 ስለዚሁ ዘዴ ሕዝብ እስከማስጠንቀቅ ደርሷል። ማስታወቂያ የሚያግድ ኤክስቴንሽን (ብራውዘር ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ተጠቀሙ የሚል ምክርም ሰጥቶ ነበር።

ከዚያ ካመለጣችሁ "የማውረጃ መደብር" ነን የሚሉ ገጾች አሉ። ትልቁ አረንጓዴ "ዳውንሎድ" የሚለው ቁልፍ ማስታወቂያ ነው። እውነተኛው ከሥር የተደበቀች ቀጭን ሊንክ ናት። ስመ ጥር የነበሩት እንኳ ከዚህ አላመለጡም። ሶርስፎርጅ ከ1999 ጀምሮ የኦፕን ሶርስ ዓለም ቤት ነበር። በ2013 ጫኚ ፋይሎች ላይ ሌላ ማስታወቂያ ፕሮግራም መለጠፍ ሲጀምር፣ ጊምፕ የሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ሠሪዎች ጥለውት ወጡ። በ2015 ደግሞ ሶርስፎርጅ የጊምፕን ገጽ ራሱ ይዞ፣ ማስታወቂያ ለጥፎ ሲያቀርበው ተገኘ። ጩኸቱ በረታ፤ በ2016 የገዙት አዲሶቹ ባለቤቶች አሠራሩን አቆሙት። አንድ ቦታ ትናንት ጥሩ ነበር ማለት ዛሬም ነው ማለት አይደለም።

መፍትሔው አሰልቺ ቢሆንም ይሠራል። አድራሻውን ከማስታወቂያ አትውሰዱ። የፕሮግራሙን የዊኪፔዲያ ገጽ ክፈቱ፤ በጎን ባለው ሰንጠረዥ ውስጥ የዋናው ድረ ገጽ አድራሻ አለ። ወይም ከጊትሀብ ገጹ ውሰዱት። ዊንዶውስ ላይ ዊንጌት የሚባል፣ ማይክሮሶፍት በ2021 ለሁሉም ያቀረበው መጫኛ አለ። ትእዛዝ መጻፍ የማያስፈራው ሰው አንድ መስመር ጽፎ ይጭናል። ማክ ላይ ሆምብሩ፣ ሊነክስ ላይ ደግሞ የየስርዓቱ የራሱ መደብር ይሄንኑ ይሠራሉ።

ያወረዳችሁትን ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት ቫይረስቶታል ላይ ጫኑት። በ2004 ስፔን ውስጥ የተጀመረ፣ በ2012 ጉግል የገዛው አገልግሎት ነው። ፋይሉን በበርካታ ደርዘን ጸረ ቫይረሶች ያስመረምረዋል። አንድ ወይም ሁለቱ ብቻ ቢጮሁ የተሳሳተ ጥርጣሬ ሊሆን ይችላል፤ አዲስና ትንሽ ፕሮግራም ላይ ይሄ የተለመደ ነው። አሥራ አምስቱ ከጮሁ ግን አጥፉት። አደራ፣ የግል ሰነዳችሁን እዚያ አትጫኑ። የተጫነውን ፋይል ተመራማሪዎችና ድርጅቶች ሊያዩት ይችላሉ።

ክራክ የተደረገ፣ ማለትም ሳይከፈልበት እንዲሠራ ቁልፉ የተሰበረ ፕሮግራም? ማንነቱን ከማታውቁት፣ "ጸረ ቫይረሱን አጥፉና ክፈቱት" ከሚላችሁ ሰው የተቀበላችሁት ፋይል ነው። ከዚህ በላይ ምን ይባላል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ፍጹም ደኅና ናችሁ ማለት አይቻልም። በሴፕቴምበር 2017 ሲክሊነር የተባለው የኮምፒውተር ማጽጃ ከራሱ ዋና ድረ ገጽ ላይ ተበክሎ ሲወርድ እንደነበር ታወቀ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ፕሮግራሙ ከሚዘጋጅበት ቦታ ነው። ወደ 2.27 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ ነበር። ለዚህ ያለው መከላከያ አንድ ነው፤ የማትጠቀሙበትን ፕሮግራም አለመጫን።

ፋይላችሁ የት ሄደ?

አሁን አሁን ብዙው ሥራ ሳይጫን በብራውዘር ያልቃል። ይሄ ጥሩ ነው። የብራውዘር ውስጥ አፕ ኮምፒውተራችሁን እንደልቡ አይጎረጉርም፤ ታቡን ስትዘጉ ይዘጋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ፋይሉን ስትሰጡት ወደ ሰው ሰርቨር (በኢንተርኔት ወደሚገኝ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር) ይልከዋል ወይስ እዚያው እናንተ ኮምፒውተር ላይ ይሠራዋል?

ድሮ ከባድ ሥራ የሚሠራው ሰርቨር ላይ ነበር። ከ2017 ወዲህ ግን ዋናዎቹ ብራውዘሮች ዌብአሴምብሊ የሚባል ቴክኖሎጂ ይዘዋል፤ ፎቶ ማመቅ፣ ቪዲዮ መቁረጥ የመሳሰለውን ያለ ሰርቨር በጥሩ ፍጥነት መሥራት ያስችላል። ስለዚህ አንድ ዓይነት መልክ ያላቸው ሁለት ድረ ገጾች ፍጹም ተቃራኒ ነገር ሊያደርጉ ይችላሉ። አንዱ የውል ሰነዳችሁን ወደማታውቁት ሰርቨር ይልካል፤ ሌላው ከኮምፒውተራችሁ አያወጣውም። ሁለቱም ገጻቸው ላይ "ደኅንነቱ የተጠበቀ" ይላሉ።

እንዴት ይለያል? ቀላል ሙከራ አለ። ስኩሽ የሚባለውን የጉግል ክሮም ቡድን በ2018 ያወጣውን የፎቶ ማመቂያ ለልምምድ ውሰዱ። በግል መስኮት፣ ማለትም ኢንኮግኒቶ በሚባለው፣ ክፈቱት። ገጹ እስኪጨርስ ጠብቁ፤ አንድ ተራ ፎቶ ጥላችሁበት መሥራቱን እዩ። አሁን ዋይፋዩን አጥፉ። ከዚያ ሌላ ፎቶ ጎትታችሁ ጣሉበት። ፎቶው ይከፈታል። መጠኑን የሚቀንሰውን ማንሸራተቻ ስታንቀሳቅሱት የፋይሉ ክብደት ከሥር ሲወርድ ታያላችሁ። ኢንተርኔት የለም፤ ሥራው ግን ተሠራ። በሉ አስቀምጡት፣ መስኮቱን ዝጉት፣ ከዚያ ዋይፋዩን መልሱት። መስኮቱን ቀድማችሁ መዝጋታችሁ ምክንያት አለው። ገጹ የያዘውን ነገር ኢንተርኔት ሲመለስ እንዳይልክ ነው።

ይሄንኑ የምትጠራጠሩት የፒዲኤፍ ገጽ ላይ ሞክሩት። ዋይፋዩ ሲጠፋ ሰዓት እንደሚቆጥር ክብ እየዞረ ከቀረ፣ ሰነዳችሁ ሊሄድ የነበረው ወደ ሰርቨር ሳይሆን አይቀርም። ይሄ ማለት የግድ ሌባ ነው ማለት አይደለም። ግን የመታወቂያችሁን ስካን፣ የሕክምና ወረቀት፣ የደመወዝ ዝርዝር እዚያ አታስገቡ። ለሙከራ ትርጉም የሌለው ፋይል ተጠቀሙ።

ፈቃድ ሲጠይቅ

ስልክ ላይ አንድ አፕ ፈቃድ ሲጠይቅ ከሥራው ጋር አያይዙት። ካርታ ቦታችሁን ቢጠይቅ ያስፈልገዋል። ባትሪ መብራት ግን ቦታችሁን ምን ሊያደርግለት? ይሄ ቀልድ አይደለም። ብራይተስት ፍላሽላይት የሚባል በአሥር ሚሊዮኖች የወረደ የአንድሮይድ መብራት አፕ ነበር። የተጠቃሚውን ቦታና የስልኩን መለያ ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያሳልፍ ተገኝቶ፣ በዲሴምበር 2013 ከላይ ካነሳሁት የንግድ ኮሚሽን ጋር በስምምነት ጉዳዩን ጨርሷል። የሚገርመው አፑ "አልስማማም" የሚል ምርጫ ነበረው፤ ተጠቃሚው ከመመለሱ በፊት ግን መረጃው መላክ ጀምሯል።

የብራውዘር ኤክስቴንሽን ከዚህ ይብሳል። "በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለ መረጃዎን ማንበብና መቀየር" የሚል ፈቃድ ሲጠይቅ ቃል በቃል ያንኑ ማለቱ ነው። ኢሜይሉንም፣ የባንክ ገጹንም። ብዙ ጠቃሚ ኤክስቴንሽን ይሄን ፈቃድ ለሥራው በእውነት ይፈልገዋል፤ ማስታወቂያ የሚያግደውም እንዲሁ። ስለዚህ ጥያቄው ባለቤቱን ታምናላችሁ ወይ ነው። ባለቤቱ ደግሞ ይቀየራል። ግሬት ሰስፔንደር የሚባል ኤክስቴንሽን ነበር፤ ሥራ ፈተው የተቀመጡ ታቦችን አስተኝቶ ሜሞሪ ያስለቅቃል። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ ነበረው። ሠሪው በ2020 ማንነቱ በግልጽ ላልታወቀ ወገን ሸጠው። በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከመደብሩ አወጣው፣ ከተጠቃሚዎችም ኮምፒውተር ላይ አጠፋው። ተጠቃሚዎቹ ምንም ስህተት አልሠሩም። ጥሩ መሣሪያ መረጡ፤ የቀረውን አውቶማቲክ አፕዴት ሠራው። ይሄን ካወቃችሁ በኋላ የምታደርጉት ነገር ኤክስቴንሽን ማሳነስ ነው። አምስት ካላችሁ ሁለቱን በእርግጠኝነት አትፈልጓቸውም።

መውጫው የት ነው?

እኔ አዲስ አፕ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው "ኤክስፖርት" የሚለውን፣ ያስገባሁትን ዳታ መልሶ የሚያወጣልኝን ቁልፍ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይታያል።

ምክንያቱም የሚወደዱ አፖች ይዘጋሉ። ሰንራይዝ የሚባል ቆንጆ የቀን መቁጠሪያ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2015 ገዛው፣ በ2016 ዘጋው። ዉንደርሊስት የሚባለውን የሥራ ዝርዝር መያዣም በዚያው በ2015 ገዛ፤ እሱ ትንሽ ቆይቶ በሜይ 2020 ተዘጋ። ስካይፕ እንኳ በሜይ 2025 ተዘግቷል። አንድ ትልቅ ኩባንያ የምትወዱትን ትንሽ አፕ ገዛ ሲባል ብትሰሙ፣ የምሥራቹን ከማንበባችሁ በፊት ዳታችሁን አውጡ።

ጉግል ሪደር በጁላይ 2013 ሲዘጋ ሰው ቢናደድም ብዙ አልተጎዳም። የሚከታተላቸውን ድረ ገጾች ዝርዝር ኦፒኤምኤል በሚባል የጋራ ፎርማት አውጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሌላ አንባቢ ገባ። ልዩነቱን የፈጠረው ፎርማቱ ነው። ስለዚህ "ኤክስፖርት አለው" ማለት ብቻውን አይበቃም። ምን ሆኖ ነው የሚወጣው? ተራ ጽሑፍ፣ ማርክዳውን፣ ሲኤስቪ ከሆነ ሌላ ፕሮግራም ይከፍተዋል። ራሱ ብቻ የሚከፍተው ፋይል ከሆነ ግን አልወጣችሁም።

በመጀመሪያው ቀን ሞክሩት። ጥቂት ማስታወሻዎች ጻፉ፣ አንድ ፎቶ አያይዙ፣ ከዚያ አውጡት። ፎቶው አብሮ ወጣ? ቀኖቹስ? አንዳንዱ ጽሑፉን ብቻ ሰጥቶ አባሪውን ያስቀራል። ይሄን ከሁለት ዓመት ማስታወሻ በኋላ ማወቅ ያንገበግባል። በአውሮፓ ኅብረት ከሜይ 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ ሰው ለድርጅት የሰጠውን የግል መረጃ በኮምፒውተር በሚነበብ ፎርማት መልሶ የመውሰድ መብት ሰጥቶታል። በዚህ የተነሳ ብዙ አገልግሎቶች ቁልፉን ለሁሉም አስገብተዋል። ሴቲንግ ውስጥ ተደብቆ ነው የምታገኙት።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም አብራችሁ ጠይቁ። መክፈል አንዳንዴ ጥሩ ምልክት ነው፤ ባለቤቱ ነገም የሚኖርበት ምክንያት አለው። "አንዴ ከፍለው ለዕድሜ ልክ" የሚለውን ቅናሽ ግን በጥርጣሬ እዩት። ዕድሜው የእናንተ አይደለም፤ የአፑ ነው።

ሙከራውና መሰናበቻው

ስትሞክሩ ዋናውን ኢሜይላችሁን አትስጡ። አፕል "ሃይድ ማይ ኢሜይል"፣ ፋየርፎክስ ደግሞ "ሪሌይ" የሚባል አገልግሎት አላቸው፤ ለየአፑ የተለየ አድራሻ ፈጥረው ወደ እናንተ ያስተላልፋሉ። ማስታወቂያ ሲበዛ ያንን አድራሻ መዝጋት ነው። የዊንዶውስ ፕሮ እትም ያላችሁ ደግሞ ሳንድቦክስ የሚባለውን ማብራት ትችላላችሁ። ፕሮግራሙን እዚያ ውስጥ ጭናችሁ ታዩታላችሁ፤ ስትዘጉት ሁሉም ነገር ይጠፋል።

ሙከራው በእውነተኛ ሥራ ይሁን። መጀመሪያ የጻፋችሁትን ያንን ዓረፍተ ነገር አውጡና ሥራውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሥሩበት። ማሳያ ቪዲዮው ላይ ሁሉም አፕ ያምራል። ካልሆነ ቶሎ ልቀቁት፤ "ትንሽ ልልመደው" እያሉ ወር መቆየት አያስፈልግም።

ስትለቁት ግን አይኮኑን ማጥፋት ብቻ በቂ አይደለም። ሦስት ነገር እዚያው ይቀራል። ክፍያ ከነበረው ይቀጥላል፤ ሰብስክሪፕሽኑን ከአፕ ስቶር ወይም ከጉግል ፕሌይ ገጽ ላይ ለብቻው ማቋረጥ አለባችሁ። አካውንቱም ዳታችሁን ይዞ ይቆያል፤ አፕል ከጁን 2022 መጨረሻ ጀምሮ አካውንት የሚያስከፍት አፕ ሁሉ ከውስጡ መሰረዣ እንዲኖረው ያስገድዳል፤ አፑ ስልኩ ላይ እያለ ነው ታዲያ የሚቀለው፣ ስለዚህ መጀመሪያ አካውንቱን፣ ቀጥሎ አፑን። ሦስተኛው "በጉግል ግባ" ብላችሁ የሰጣችሁት ፈቃድ ነው። ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ከአካውንቱ ጋር የተያያዙትን የሌሎች ድርጅቶች አፖች ዝርዝር ክፈቱ። ስማቸውን እንኳ የማታስታውሷቸው አሉ። አንዱ ኢሜይል የማንበብ ፈቃድ ይዞ ሊሆን ይችላል። በሱ ጀምሩ።